ጠብና ዜማ፤ ስለ «ቢትስ፥ ራይምስ ኤንድ ላይፍ» ፊልም የቀረበ አስተያየት
ታሪክን ከሕያዋን ሰዎች አፍ የሚሰበስብ ሰው፥ ተናጋሪዎቹ የተጣሉ እንደሆነ፥ ብርቱ ችግር ይገጥመዋል። እያንዳንዱ የሚናገረው ለጠያቂው ብቻ አይደለም፤ በጠያቂው በኩል ለባላጋራውም ጭምር ነው። ከእኛ መካከል ወደ ባላገር ወጥቶ የአንድን ቤተ ሰብ ወይም የአንድን መንደር ታሪክ ከሽማግሎች ሲጽፍ የዋለ ተማሪ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። አሁን የምንመረምረው ፊልም የሚናገረው ከአገራችን ርቆ ስለሚገኝ የኒው ዮርክ የሂፕ ሆፕ ቡድን ነው፤ ዳሩ ግን ይህንኑ ችግር አጉልቶ ስለሚያሳይ ለመጽሔታችን አንባብያን ልናቀርበው ወደድን።

ፊልሙ «ቢትስ፥ ራይምስ ኤንድ ላይፍ» ይባላል፤ በአማርኛ «ምት፥ ግጥምና ሕይወት» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ያዘጋጀው በተዋናይነቱ የታወቀው ማይክል ራፓፖርት ሲሆን፥ ፊልም በማዘጋጀት ይህ የመጀመሪያ ሥራው ነበር። በ2011 ዓ. ም. በጥር ወር በሰንዳንስ የፊልም በዓል ታይቶ፥ በዚያው ዓመት በሐምሌ ለሕዝብ ቀረበ። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የፊልሙ ባለታሪክ «ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት» የተባለው ቡድን ነው። ግጥም የሚያወርዱት ኪው ቲፕና ፋይፍ ዶግ በኩዊንስ ሠፈር አብረው ያደጉ የልጅነት ባልንጀሮች ናቸው። አሊ ሻሂድ ሙሐመድ የሸክላ አጫዋቹ ነበር፤ አራተኛው ጃሮቢ ዋይት የወጥ ቤት ሙያ ለመማር ሲል ቀደም ብሎ ከቡድኑ ወጣ። ከ1990 እስከ 1998 ዓ. ም. አምስት አልበሞች አወጡና ተለያዩ። ከዚያም ወዲህ አልፎ አልፎ ለመድረክ ብቻ ይገናኙ ነበር።

ሂፕ ሆፕን ለማያዘወትር አንባቢ ስለ ሙያው ጥቂት ማለት ይገባናል። ይህ ሙዚቃ ከአሮጌ ሸክላ ላይ አጭር የከበሮ ምት ወይም የቤዝ ሐረግ ተቈርጦ፥ በመሣሪያ እየተደጋገመ፥ በላዩ ላይ ቤት የሚመታ ግጥም በንግግር ድምፅ የሚወርድበት ነው። የዚህ ቡድን ልዩ ችሎታ ቍራጩን ከጃዝ ሙዚቃ መርጦ ማስማማቱ ነው። በ1991 ዓ. ም. በወጣው «ዘ ሎው ኤንድ ቲዮሪ» በተባለው አልበማቸው ከሸክላ በመቍረጥ ብቻ ሳይወሰኑ፥ ታላቁን የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ሮን ካርተርን ራሱን ጋብዘው አብሯቸው እንዲጫወት አድርገዋል።

ፊልሙ ይህን ሲያሳይ የሚያስመሰግነው አንድ ስፍራ አለ። ኪው ቲፕ አሮጌ ሸክላ አስቀምጦ፥ ከረዥሙ ዘፈን ውስጥ የትኛዋን የከበሮ ምት እንደ መረጠ በጆሮ ያሰማናል። ሌላው ሰው ሁሉ ሰምቶ ያለፋትን ቅንጣት እርሱ እንዴት እንደ ለያት ስናይ፥ ስለ ሙያው ብዙ ገጽ ከማንበብ የበለጠ እንማራለን። ነገር ግን እንዲህ ያለው ስፍራ ጥቂት ነው። በቀረው ጊዜ ሌሎች ዝነኞች ሙዚቀኞች እየተፈራረቁ ያመሰግኗቸዋል። ሙዚቃው በአንደበት ይወደሳል እንጂ በጆሮ አይመረመርም።

የፊልም ሠሪው ዐይን የሚያርፈው በጠቡ ላይ ነው። ፊልሙም የሚከፈተው በ2008 ዓ. ም. በተደረገ የሙዚቃ ጉዞ፥ ከመድረክ በስተጀርባ፥ ኪው ቲፕ ከእንግዲህ አብረው እንደማይጫወቱ ሲናገር ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ባልንጀሮች በየብቻቸው ተቀምጠው ነገራቸውን ያስረዳሉ። አንደኛው ሥራው እንዲጠራ ብሎ ሌሊቱን ሁሉ ሲደክም ሌላው እንደሚቀር ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ እኩል የቡድኑ አባል ሲሆን እንደ ተከታይ መቈጠሩ እንደሚያንገበግበው ይገልጻል። ፋይፍ ከኒው ዮርክ ወጥቶ በአትላንታ መኖር መጀመሩም ርቀቱን አባሰው።

ዋናው ነቀፌታችን እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ሙዚቃውን ለብቻ፥ ጠቡን ለብቻ አድርጎ ያቀርባል፤ ሙዚቃው የደጉ ዘመን፥ ጠቡም የክፉው ዘመን ታሪክ እንደሆነ ያህል። እኛ ግን የሁለቱም ሥር አንድ ነው እንላለን። በመጀመሪያው አልበም የፋይፍ ድምፅ የሚሰማው በጥቂት ዘፈኖች ብቻ ነበር። በሁለተኛው አልበም ግን ወደ ፊት ወጣ፤ ቡድኑም ሙሉ መልኩን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። የኪው ቲፕ ድምፅ ለስላሳና አሳቢ ነው፤ የፋይፍ ድምፅ ቀጠን ያለ፥ ቀልደኛና ተናካሽ ነው። በአገራችን ዘፈን አውጪና ተቀባይ የታወቁ ናቸው፤ አውጪው ያወጣል፥ ተቀባዩ ይቀበላል። እነዚህ ሁለቱ ግን ቦታ እየተለዋወጡ አንዱ ለሌላው አውጪም ተቀባይም ነበሩ። ደስ የሚያሰኘው በድምፅ መፎካከራቸው ነው። ያው ፉክክር ከስቱዲዮ ወጥቶ «የቡድኑ ራስ ማን ነው?» ወደሚል ጥያቄ ሲዞር ጠብ ሆነ። ፊልም ሠሪው ሁለቱን በየተራ ስለ በደላቸው ከመጠየቅ ይልቅ፥ አንድ ዘፈን ለሁለቱም አሰምቶ «ይህ መሥመር ለምን የአንተ ሆነ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ ስለ ሙዚቃውም ስለ ጠቡም የበለጠ በነገሩት ነበር።

ሁለተኛው አስተያየታችን ስለ ትረካው ቅደም ተከተል ነው። ፋይፍ ከወጣትነቱ ጀምሮ የስኳር በሽታ ነበረበት፤ ጣፋጭ ነገር መተው እንዳቃተው ራሱ በግልጽ ይናገራል። ኵላሊቶቹም ደክመው በ2008 ዓ. ም. ሚስቱ አንድ ኵላሊቷን ሰጠችው። ከመድረክ በስተጀርባ የታየው ጠብ የተደረገው በዚያው ዓመት ነው። ፊልሙ ግን ጠቡን ያስቀድማል፥ ሕመሙን ያስከትላል። ተመልካቹ አስቀድሞ ይፈርዳል፤ ኋላም በፈረደው ያፍራል። እንዲህ ያለው አሠራር ልብ ይሰቅላል፤ የታሪክ ጸሐፊ ግን የሚያውቀውን ምክንያት ከውጤቱ በኋላ መደበቅ አይገባውም። ሆኖም ስለ ሕመሙ የሚናገረው ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የተሻለው እንደሆነ መመስከር አለብን። እዚያ ላይ ካሜራው ጠብ መፈለጉን ትቶ ሰውን ያያል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበናል። የተጣሉ ሰዎችን የሚመዘግብ ካሜራ ከጠቡ ውጭ ሊቆም አይችልም። ፊልሙ ገና ለሕዝብ ሳይታይ በቡድኑና በአዘጋጆቹ መካከል ክርክር ተነሣ፤ ኪው ቲፕም ፊልሙን እንደማይደግፍ በይፋ ተናገረ። በሰንዳንስ በታየ ጊዜ ከአራቱ የተገኘው ፋይፍ ብቻ ነበር። ስለ መለያየት የተሠራው ፊልም ራሱ አንድ የመለያያ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ለራፓፖርት ግን ፍትሕ ልናጓድልበት አንወድም። የቡድኑ ወዳጅና አድናቂ ሆኖ ሳለ የሚያሳፍረውን አልሸፈነም፤ ለማመስገን ብቻ ቢሠራው ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው ባልኖረ። የምንወቅሰው ጠቡን ስላሳየ ሳይሆን፥ ጠቡን የመጨረሻው እውነት አድርጎ ስለ ተረዳው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል። ፊልሙ በመደምደሚያው ቡድኑ በቀድሞው ውል አንድ አልበም እንደሚቀረው ያስታውሳል፤ ያን ጊዜ ይህ ነገር እንደ ምፀት ይሰማ ነበር። በኅዳር 2015 ዓ. ም. አራቱ በቴሌቪዥን አብረው ከተጫወቱ በኋላ ግን በኪው ቲፕ ቤት በሚገኘው ስቱዲዮ ተሰብስበው አዲስ አልበም ጀመሩ። ፋይፍ ሥራው ሳያልቅ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ. ም. በ45 ዓመቱ ዐረፈ። አልበሙ በዚያው ዓመት ኅዳር 11 ቀን ወጣ፤ በአሜሪካ የአልበሞች ዝርዝርም አንደኛ ሆነ። በእርሱ ላይ የሁለቱ ባልንጀሮች ድምፅ እንደ ጥንቱ አንዱ ያወጣል፥ ሌላው ይቀበላል። ዕርቁን የፈጸመው በካሜራ ፊት የተደረገ ኑዛዜ ሳይሆን ሥራው ነበር።

ይህን ፊልም ጓደኞቻችን እንዲያዩት እንመክራለን። ሲያዩት ግን ከአልበሞቹ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን አስቀድመው ቢሰሙ መልካም ነው፤ ፊልሙ ያልጠየቀውን ጥያቄ እነዚያ ይመልሱታልና። እኛም ነገ ደብተር ይዘን ከሁለት ተጣልተው ከተቀመጡ ሽማግሎች መካከል ስንገባ፥ «ማን በደለ?» ከማለታችን አስቀድመን «አብራችሁ ምን ሠራችሁ?» ብለን ለመጠየቅ እንድናስብ ያደርገናል።