«ላለመስማማት ተስማሙ» ስለሚባለው ትርጉም

በጋዜጣና በራዲዮ ዜና «ሁለቱ ወገኖች ላለመስማማት ተስማሙ» የሚል ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገጥመናል። አነጋገሩ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ተርጓሚዎችን የሳባቸው በእንግሊዝኛው አንዱ ግሥ ከነአፍራሹ ተደግሞ የሚሰጠው ለዛ በአማርኛም ሳይጎድል መገኘቱ ይመስለናል። ለዛው ቢሻገርም ፍቺው አብሮት አልተሻገረም።

በአማርኛ «ተስማሙ» የሚለው ግሥ «ለ» ከተነሣበት ንኡስ አንቀጽ ጋር ሲገናኝ ወደፊት የሚፈጸም ውሳኔን ያመለክታል። «ለመሄድ ተስማሙ»፥ «ላለመካሰስ ተስማሙ» ስንል ገና የሚደረገውን ወይም የሚቀረውን እንናገራለን። በዚሁ ሥርዐት «ላለመስማማት ተስማሙ» ሲባል የሰማ ሰው፥ ሁለቱ ወገኖች ከእንግዲህ ዕርቅ ላይቀበሉ የተማማሉ ቢመስለው አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛው አሳብ ግን ሌላ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ያለ ነው፥ የተስማሙትም ክርክሩን ለመተው ነው። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛው አፍራሽ ግሥ የተለየ አሳብ መያዝን ሲያመለክት፥ የእኛው «አለመስማማት» ገና ያልወሰነውንም፥ ዝም ያለውንም ያጠቃልላል።

የአነጋገሩ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጆርጅ ዋይትፊልድ በሞተ ጊዜ ጆን ዌስሊ ባሰማው የመታሰቢያ ስብከት ተጠቅሞበታል። ሁለቱ ሰባክያን የሰው ድኅነት አስቀድሞ የተወሰነ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ጉዳይ ብርቱ ክርክር ነበራቸው። ዌስሊ ዋነኞቹን ትምህርቶች ከሌሎቹ ለይቶ፥ በሌሎቹ መተላለፍ ይቻላል፥ ዋነኞቹን ግን አጥብቆ መያዝ ይገባል ሲል ነው አነጋገሩን ያመጣው። እንግዲህ ከሥሩ ያለው ወዳጅነት ነው።

ነገሩ የለዛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1675 ውልን ሲተረጉም «ስምምነት» ይለዋል። በቃለ ጉባኤ ላይ «ተስማሙ» ተብሎ ተጽፎ ፊርማ ካረፈበት በኋላ፥ በምን እንደ ተስማሙ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ «በዚህ ነጥብ አልተስማሙም፤ ክርክሩን ግን ትተውታል» ማለት ይሻላል፤ ቢረዝምም አያሳስትም። በጭውውት ግን «እርስዎም በአሳብዎ፥ እኔም በአሳቤ» ይበቃል። አንዳንዶች «ልዩነታቸውን ይዘው ተለያዩ» ቢሉም አንቀበለውም፤ መቈራረጥን ያስመስላልና። (እንግሊዞችም አንዳንድ ጊዜ ይህን የሚሉት አክብረው ሳይሆን ተሰላችተው ነው፤ ያን ጊዜ «በል ይቅር» ከማለት የተሻለ ትርጉም የለውም።)

የመዝገበ ቃላት ሥራ የተነገረውን መመዝገብም ስለ ሆነ፥ የተለመደውን ግልባጭ ፈጽሞ መሰረዝ አይገባም። በእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «በየአሳብ ጸንቶ ክርክርን መተው» የሚለው በመጀመሪያ ፍቺነት ቢሰፍር፥ ግልባጩም «ከእንግሊዝኛ የተወረሰ» የሚል ምልክት ተደርጎበት ቢከተል በቂ ነው።