ሰሙ የሸፈነው
በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ መካከል ያለው ሴንትራል ፓርክ የተባለው የሕዝብ አትክልት ስፋቱ 341 ሔክታር ነው። ንድፉን ያወጡት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. ተወዳድረው አሸነፉ።

ተመልካቹ ጫካው እንዲያው የበቀለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ኵሬው ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው። ይልቁንም የሚደነቀው አራቱ አቋራጭ ጐዳናዎች ከሜዳው ዝቅ ብለው መሠራታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ሠረገላው፥ ዛሬም አውቶሞቢሉ፥ ከሣሩ በታች ሲያልፍ ከላይ የሚንሸራሸረው ሰው አያየውም። ይህ ወርቁን በሰም የሚሰውር የባለ ቅኔ ብልሃት ነው።

ሆኖም ሰሙ የሸፈነው ጥበቡን ብቻ አይደለም። በምዕራቡ ወገን ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል፥ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ ከ200 በላይ ሰዎች የሚኖሩበት፥ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ያሉት መንደር ነበረ፤ በ1857 ለአትክልቱ ሲባል ሕዝቡ ተነሣ፥ መንደሩም ፈረሰ። ቅኔ ሰሙን ለሚፈታ ወርቁን አይነፍግም፤ ይህ ንድፍ ግን ለመቅደሶቹ ምልክት እንኳ አላኖረም፤ ጕድለቱም ይህ ነው። የመታሰቢያው ጽሑፍ የቆመው በ2001 ነው። በ2011 መሬቱ ሲቈፈር ከሣሩ ሥር የቤት መሠረት፥ የብረት ማንቈርቈሪያና የሕፃን ጫማ ተገኘ።