የካናዛዋው የአሺጋሩ ቤተ መዘክር ስለ ሳሙራይ የሚያስተምረው

ሳሙራይ የሚለው ስም ሲነሣ በብዙ ሰው አሳብ የሚሣለው ባለ ቀንድ የራስ ቁር፣ በሐር ክር የተያያዘ ጥሩርና ሁለት ጎራዴ ነው። ለትውልድ ተጠብቆ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ የባለጸጋው ዕቃ ስለ ሆነ፣ ታላላቆቹ ቤተ መዘክሮችም ይህንኑ ሥዕል ያጸናሉ። በጃፓን ባሕር በኩል ባለችው በካናዛዋ ከተማ፣ ናጋማቺ በተባለው ሰፈር የሚገኘው ትንሹ የአሺጋሩ ቤተ መዘክር ግን ነገሩን ከታች ይጀምራል። የሚያሳየው ከሁሉ አስቀድሞ የዝቅተኛውን ወታደር መኖሪያ ቤት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካናዛዋ፣ ማኤዳ ቶሺኢዬ ከገባባት ከ1583 ጀምሮ ግዛቶች እስከ ተሻሩበት እስከ 1871 ድረስ የማኤዳ ቤተሰብ መቀመጫ ነበረች። የግዛታቸው የካጋ ምርት ከ1,000,000 ኮኩ ሩዝ በላይ ይገመት ስለ ነበር፣ በሾጉኑ ሥር ካሉት ጌቶች ሁሉ በሀብት የሚተካከላቸው አልነበረም። አንድ ኮኩ 180 ሊትር ያህል ሲሆን የአንድ ሰው የዓመት ምግብ ሆኖ ይቈጠር ነበር። የሎሌዎቹም ማዕርግ የሚለካው በዚሁ በሩዝ ቀለብ ነው። በመሰላሉ ግርጌ የሚገኘው አሺጋሩ ይባላል፤ ትርጓሜውም «ቀላል እግር» ማለት ነው። አሺጋሩ በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነቶች ጦር፣ ቀስትና ጠመንጃ ይዞ በእግሩ የሚዘምት ሲሆን፣ ሰላም ከሆነ በኋላ ግን በር ጠባቂ፣ መልእክተኛና የጽሕፈት ቤት አገልጋይ ሆነ።

ቤተ መዘክሩ የሺሚዙና የታካኒሺ ቤተሰቦች የነበሩ ሁለት ቤቶችን ያቀፈ ነው። ጣሪያቸው በሸክላ ሳይሆን በስስ ሳንቃ የተከደነ፣ ሳንቃውም ነፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ የተጫነበት ነው። በውስጣቸው መግቢያው፣ የእንግዳ መቀበያውና የቤተ ሰቡ ማደሪያ ተለይተዋል። በሌሎች ብዙ ግዛቶች አሺጋሩ ባንድ ረጅም ቤት ውስጥ ክፍል ክፍል እየተደረገለት ይኖር ነበር፤ በካጋ ግን ለየራሱ ቤትና ትንሽ የአትክልት ቦታ ነበረው። ቤቱ ጠባብ ሳለ ለእንግዳ የሚሆን ክፍል መለየቱ፣ ማዕርግ በልብስና በመሣሪያ ብቻ ሳይሆን በቤት አሠራርም ይገለጥ እንደ ነበረ ያስረዳል። ይህን ትምህርት የትኛውም ጥሩር ሊሰጥ አይችልም። ቤቶቹ እስከ 1990 ገደማ ድረስ ሰው ይኖርባቸው ስለ ነበረም፣ የሚታየው ነገር ከብዙዎች ግምት ይልቅ ለዘመናችን የቀረበ ነው።

የዚህ ጥቅም የሚጎላው በዚያው ሰፈር ካለው፣ ብዙ ጎብኚ ከሚያደንቀው ከኖሙራ ቤት ጋር ሲነጻጸር ነው። የኖሙራ ቤተሰብ ከቶሺኢዬ ዘመን ጀምሮ ማኤዳዎችን ያገለገለና ከ1,000 ኮኩ በላይ ቀለብ የደረሰ ነው። ነገር ግን የቀድሞው ቤታቸው ከሜይጂ ለውጥ በኋላ ፈርሷል፤ ዛሬ የሚታዩት ያማሩ ክፍሎች የመርከብ ባለጸጋ ከነበረው ከነጋዴው ከኩቦ ሂኮቤ ቤት ተነቅለው የመጡ ናቸው። እንግዲህ ጎብኚው የጦረኛ ግርማ መስሎት የሚያደንቀው የነጋዴ ገንዘብ ያቆመውን ነው። ሳንቃ ለበሶቹ ቤቶች ግን ለጌታቸው ያደሩ ወታደሮች በእውነት የኖሩባቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ የአሺጋሩ ቤተ መዘክርም ከነቀፋ አያመልጥም። ሁለቱ ቤቶች የነበሩት በሌላ ሰፈር ሲሆን ወደ ናጋማቺ የመጡት ተዛውረው ነው። ናጋማቺ ደግሞ የመካከለኞችና የከፍተኞች ሎሌዎች መኖሪያ ነበረ፤ በክረምት ከበረዶ እንዲጠበቅ በገለባ ምንጣፍ የሚሸፈነው የጭቃ ግንብም የእነርሱ ምልክት ነው። አሺጋሮች በየጓዳቸው ተመድበው በራሳቸው ሰፈር ይኖሩ ነበር። በቤተ መንግሥት ከተማ የመኖሪያ ቦታ ራሱ ማዕርግ በመሆኑ፣ ቤቱን ያዳነው ሥራ የቤቱን ስፍራ አጥፍቶታል። ጌታና እግረኛ ባንድ ጎዳና ጎረቤታሞች የነበሩ ይመስላሉ። በግድግዳ ላይ ምንም ማብራሪያ ቢለጠፍ፣ ጎብኚው ይበልጥ የሚያምነው በእግሩ የረገጠውን ነው። ከማፍረስ ማዛወር እንደሚሻል አያጠራጥርም፤ ሆኖም ማዛወሩ ራሱ የትርኢቱ አንድ ክፍል ሆኖ በጉልህ ሊነገር ይገባል።

የነገሩ ፍሬ አሺጋሩ ሳሙራይ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ የጃፓን መንግሥት ራሱ ባንድ ቃል አልመለሰም። ከ1869 በኋላ ከፍተኞቹ ሎሌዎች «ሺዞኩ»፣ አሺጋሩን የመሰሉት ዝቅተኞች ደግሞ «ሶትሱ» ተብለው ተለዩ። በ1872 ሶትሱ ሲሻር፣ አገልግሎታቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ወደ ሺዞኩ ገቡ፤ የቀሩት ከተራው ሕዝብ ተቈጠሩ። በ1876 ጎራዴ መታጠቅ ተከለከለ፤ የሩዙም ቀለብ በመንግሥት የዕዳ ሰነድ ተለወጠ። ኒቶቤ ኢናዞ «ቡሺዶ» የተባለውን መጽሐፉን ለውጭ አገር አንባቢ በእንግሊዝኛ ያሳተመው በ1900፣ ሥርዓቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሳሙራይን በአማርኛ «መኳንንት» ብሎ የሚተረጕም የሺሚዙንና የታካኒሺን ቤት ይዘጋል፤ «ወታደር» ብሎ የሚተረጕምም የኖሙራን ማዕርግ ያወርዳል። የሚሻለው ስሙን እንዳለ ትቶ፣ የማንኛው ማዕርግ ነገር እንደ ሆነ በየጊዜው መግለጥ ነው። ይህን ጥንቃቄ ከታላላቆቹ የጥሩር አዳራሾች ይልቅ ድንጋይ የተጫነባቸው ሁለቱ ጣሪያዎች አጥብቀው ያስተምራሉ።