የለበሰውና የሠራው

ልጆቼ፣ ልብስ ስናይ ዓይናችን ፈጥኖ የሚያርፈው በለበሰው ሰው ላይ ነው፤ የሠራውን ሰው ግን አናስበውም።

በለንደን ከተማ፣ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደ ነበረ የሚነገርለት ቀሚስ አለ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደ ነው። እቴጌይቱም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ፣ በመንገድ ላይ ዐረፉ።

ቀሚሱን የማውቀው በፎቶግራፍ ነው። ጨርቁ ጥጥ ነው፤ ሐሩ ያለው በጥልፉ ላይ ብቻ ነው። ውበቱም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሁለመናው ሐር ቢሆን ኖሮ ዓይን ማረፊያ ያጣ ነበር። ይሁን እንጂ የለባሿን ስም ስናውቅ፣ ጥጡን የፈተለችው፣ ሸማውን የሠራውና ሐሩን የጠለፈው እነማን እንደ ሆኑ አልተነገረንም።

የሐር አገር ወደ ሆነችው ወደ ቻይና ብንመለከት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመኳንንት ሴቶች ማዕርግ በልብሳቸው ቀለምና ጥልፍ ይታወቅ ነበር። ጥልፍ ማወቅም የጨዋ ልጅ ሙያ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሴቶች በልጅነታቸው እግራቸው እየታሰረ ይሰበር ነበርና፣ ያንኑ የተጎዳ እግር በተጠለፈ የሐር ጫማ ይሸፍኑት ነበር። እንግዲህ ያማረ ጥልፍ በደልንም ሊሸፍን ይችላል።

እኛስ? በደብረ ማርቆስ ሳስተምር፣ አንድ የሸማኔ ልጅ በጓደኞቹ «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ሲሰደብ ሰማሁ። ባለ እጅን እንዲህ መስደብን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለውት ነበር። ያን ቀን ትከሻዬ ላይ የነበረውን ጋቢ የሠራው የዚያው ልጅ አባት ነበር። እኔ ግን እንዳልሰማ ሆኜ ትምህርቴን ቀጠልሁ። ልጁ በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልተመለሰም። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ያ ዝምታዬ እስካሁን ስለሚከብደኝ ነው።

ስለዚህ በጥምቀት ቀን ጥለቱ ያማረ ቀሚስ ስታዩ፣ «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ አትለፉ፤ «ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙንም ሲነግሯችሁ በአክብሮት ጥሩት። ሸማኔውን እየናቀ ሸማውን የሚለብስ ሰው፣ ገላውን ሸፈነ እንጂ ነውሩን አልሸፈነም።