ረሀብ የዘመን ነው፣ የሳማ አይደለም

አያቴ ሳማ ስታበስል በሩን ትዘጋ ነበር። አገሩ ሰሜን ሸዋ ነው፣ ደጋ። ሳማው ሳያብብ ለጋ ለጋውን እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ትቀጥፍና ድንጋይ ላይ ታሸዋለች፣ የሚለበልበው ጸጉሩ እንዲረግፍ። ከዚያ ትከትፈዋለች፣ ትቀቅለዋለች፣ የገብስ ዱቄትና ጨው ጣል አድርጋ ታማስለዋለች። እኛ ልጆቹ በእንጀራ ጠርገን እንበላለን። እንግዳ ከመጣ ግን ድስቱ ከጓዳ አይወጣም። «ሳማ በሉ ይሉናል» ትላለች።

ያንን የተዘጋ በር ያስታወሰኝ በቅርቡ ያነበብኩት ሰነድ ነው። ኢቭ ጊናን እና ደቻሳ ለሜሳ ለተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ያዘጋጁት የመስክ መመሪያ። ርዕሱ ባማርኛ «የኢትዮጵያ የረሀብ ምግቦች የመስክ መመሪያ» እንደማለት ነው።

መጀመሪያ ምስጋናው። ባለሙያዎቹ ገጠር ወርደው፣ ገበሬና አርብቶ አደር ጠይቀው፣ ብዙ ሰው አረም ብሎ የሚያልፈውን ተክል በየአካባቢው ስሙ መዝግበዋል። ሁሉንም በአንድ ከረጢት አልጨመሩትም። በችግር ጊዜ ብቻ የሚበላውን በደህናው ጊዜም ከሚበላው ይለያሉ። ጋርሳን እንውሰድ። የቆላ ዛፍ ነው፣ የፍሬው ዘር ለረጅም ሰዓት ካልተቀቀለ አይበላም። ሰው ጋርሳ መቀቀል ከጀመረ ቤቱ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ማወቅ እርዳታ በጊዜው እንዲደርስ ያደርጋል፣ ነፍስ ያድናል። ቀላል ነገር አይደለም።

ቅሬታዬ ርዕሱ ላይ ነው። ሶፍትዌር እሠራለሁ፣ በሥራችን ትልቁ ጣጣ ስም ማውጣት ነው። አንድን የዳታቤዝ ሠንጠረዥ በተሳሳተ ስም ከሰየሙት፣ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ስሙን አምኖ ኮድ ይጽፋል። ስህተቱ የሚፈነዳው ዓመታት ቆይቶ ነው። እዚህም እንደዚያ ነው። ውስጡ በጥንቃቄ የተለየው ነገር ሽፋኑ ላይ ሲደርስ ሁሉም «የረሀብ ምግብ» ይሆናል። ረሀብ ግን የዘመኑ ጠባይ እንጂ የተክሉ ጠባይ አይደለም። ሳማው በጥጋብም በችግርም ዘመን ያው ሳማ ነው።

መመሪያው የተጻፈው እርዳታ ለሚያድል ሰው ነው፣ ምግብ ለሚያበስል አይደለም። ስለዚህ እንደ ደወል ያገለግላል። ደወል ደግሞ ቤት መቃጠሉን ይናገራል እንጂ ወጥ አያስተምርም።

ተቃራኒው መለያም አይሻልም። ሽፈራው (ሞሪንጋ) ለኮንሶ ሰው የዘወትር ምግብ ነው፣ ቅጠሉ ከኩርኩፋ ጋር ይቀርባል። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን በፓኬት ታሽጎ የጤና ሻይ ሆኗል። አንዱ መለያ ያሳፍራል፣ ሌላው ያስወድዳል። ለዘመናት ያበሰለችው ሴት ከሁለቱም ውስጥ የለችም።

ታዲያ «ረሀብ» የሚለውን ቃል እንፋቀው? አልልም። አያቴ መመሪያውን አይታው አታውቅም፣ እፍረቷ ካሳለፈችው ክፉ ቀን የመጣ ነው፣ እውነት ነው። እሱን መካድ እሷን መካድ ነው። እኔ የምለው ረሀቡ በዓመቱ ስም ይመዝገብ፣ ተክሉ ደግሞ በሙያው። መቼ ይቀጠፋል፣ በምን ይታሻል፣ ስንት ሰዓት ይቀቀላል። ይሄ ካልተጻፈ ባለሙያዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል፣ እኛም የምናውቀው ሳማ እንደሚለበልብ ብቻ ይሆናል።

ይህን ከመጻፌ በፊት ለአያቴ ደወልኩ። ሳማ መሥራት እንደምፈልግ ስነግራት ዝም አለች።

«ምን አጣህ ልጄ? ደሞዝ አልከፈሉህም?»

ከፍለውኛል አልኳት። ካመነችኝ በኋላ ነው አሠራሩን የነገረችኝ፣ ያውም ድምጿን ዝቅ አድርጋ።