ሥዕል ለማየት መውጣት

አዲስ አበባ ውስጥ የቅዳሜ ከሰዓት ከተረፈኝ ሥዕል ለማየት ነው የምወጣው። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ፤ በሠዓሊነቱም በገጣሚነቱም በምንወደው ሰው ስም መጠራቱ ራሱ ያስደስተኛል።

ከሁሉ በላይ የሚስበኝ ግን መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ነው። የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ዓመታት ለፍተውበት በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ቤቶቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ በእጅ የወጣው ቅርጽ ገና ወደ ውስጥ ሳይገቡ ያስቆማል። ኤልያስ ከመርካቶ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮምፒውተር ቦርዶችን እየጎነጎነና እየገጣጠመ ይሠራል። ሥራዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን ቁልቁል የሚታይ ማሳ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሉ እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ይወጣል፤ ትዕግሥቱ ያስደንቃል።

ፎቶግራፍንም ቢሆን በስልክ ከማየት ግድግዳ ላይ በትልቁ ታትሞ ማየት ሌላ ነገር ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ለዚህ ባለውለታችን ነው። ለረጅም ዘመን ሌሎች ሲያነሷት በኖረች አገር፣ አፍሪካውያን ያነሱትን ከሌላው ዓለም ሥራ ጎን ሰቅሎ አሳየን።

የሥዕልም ሆነ የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ሲከፈት፣ በመክፈቻው ዕለት ባለሙያው ራሱ ስለሚገኝ ጠይቆ መረዳት ይቻላል። እኔ ግን ሰዉ ቀለል ሲል፣ ከሳምንት በኋላ መሄድን እመርጣለሁ፤ ማንም ሳይገፋኝ አንድ ሥራ ፊት የፈለግሁትን ያህል እቆማለሁ።