ወደ ኋላ የማያስመልስ ፈተና

በአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የሚያመለክቱ ተማሪዎች የሚፈተኑት ጂ.አር.ኢ. እ.ኤ.አ. በ1993 በኮምፒዩተር አዲስ ጠባይ ይዞ ቀረበ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ መሆኑ ቀርቶ፣ በትክክል ለመለሰ ከበድ ያለ፣ ለሳተ ደግሞ ቀለል ያለ ጥያቄ ይከተለው ጀመር።

የዚህን ዘዴ ጥቅም አንክድም። ለጐበዝ ተፈታኝ ቀላል ጥያቄ ቢደረደርለት፣ ለደካማውም ከዐቅሙ በላይ ቢቈለልበት፣ ስለ ችሎታቸው የምንረዳው ነገር ጥቂት ነው። ጥያቄው ከተፈታኙ ዐቅም ጋር ሲቀራረብ ግን በጥቂት ጥያቄ ብዙ ይታወቃል። በውጤቱ ስሌት የጥያቄው ክብደት ስለሚገባ፣ የተለያየ ጥያቄ የደረሳቸውን ሰዎች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይቻላል።

ነቀፌታችን በሌላ በኩል ነው። መሣሪያው ቀጣዩን ጥያቄ የሚመርጠው ያለፈውን መልስ ተመልክቶ ስለ ነበረ፣ ተፈታኙ አንድ ጊዜ የመለሰውን ተመልሶ ለማረም አይችልም ነበር። ዐሥረኛው ጥያቄ ላይ ሳለ የሦስተኛው ስሕተቱ ቢገለጥለት፣ ዐውቆ ዝም ከማለት በቀር ምን ያደርጋል? ፈተናው ሰውን የሚመርጠው ግን ለምርምር ነው፤ ምርምርም በአብዛኛው ትናንት የጻፉትን ዛሬ መሰረዝ ነው። ስሕተቱን ያገኘ ሰው እንዳላገኘ ከተቈጠረ፣ ሚዛኑ ሊመዝነው የተነሣውን ነገር ስቶታል እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ2011 የጂ.አር.ኢ. አሠራር ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ክብደቱ የሚለዋወጠው በየጥያቄው ሳይሆን በየክፍሉ ነው፤ ተፈታኙም በክፍሉ ውስጥ ተመላልሶ መልሱን ማረም ይችላል። ለንግድ አስተዳደር ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ጂማት ደግሞ በ2023 በወጣው አዲስ መልኩ በአንድ ክፍል እስከ 3 መልሶች እንዲታረሙ ፈቅዷል።

ለውጡ መልካም ነው፤ ሙሉ ነው ግን አይባልም። ከ2023 ወዲህ በጂ.አር.ኢ. የመጀመሪያው የቋንቋ ክፍል 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ ይሠራል፤ የሁለተኛው ክፍል ክብደትም በዚሁ ይወሰናል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ለደረሰው ሰው የማረም መብት በቃል እንጂ በተግባር እምብዛም የለም። ቀስ ብሎ የሚያስብ ተማሪ በዚያች 18 ደቂቃ ቢሰናከል፣ በሁለተኛው ክፍል ከባዶቹ ጥያቄዎች ሳይደርሱት ሊቀሩ ይችላሉ።

ስለዚህ የዩኒቨርስቲ መራጮች ይህን ቊጥር የፈጣን መልስ ምስክር አድርገው ቢቀበሉት አንቃወምም። ለሁለተኛ ዐሳብ ምስክር የሚሆነው ግን ተማሪው ደጋግሞ ያረመው ጽሑፍ ስለ ሆነ፣ ከቊጥሩ አስቀድሞ እርሱ ይነበብ ዘንድ እንጠይቃለን።